ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጉበቱ የታመመ ትንሽ ውሻ ምን ይመገብ?

አሶሳ፦ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውሻ ሥራ ያለው እንስሳ ነው። በገጠር ማሽላና በቆሎ እሸት በሚይዙበት ወቅት ዝንጀሮን፣ ጦጣንና ከርከሮን ከማሳ ያርቃል፤ በከተማ ደግሞ ሌሊቱን ግቢ ይጠብቃል። በአሶሳ ከተማ በሰው ቤት ውስጥ የሚያድጉ ቁመታቸው አጭር፣ ክብደታቸውም ከአሥር ኪሎ የማይበልጥ ውሾችም አሉ። ይሁንና ውሻ ታሞ በሚተኛበት ጊዜ የሚቀርብለት ምግብ አብዛኛውን ጊዜ ከቤተሰቡ ማዕድ የተረፈው ነው፦ ወጥ የነካው እንጀራ፣ አጥንት፣ የሻገተ በቆሎ፣ ከእርድ የተጣለ ጥሬ ጉበት። እነዚህ ምግቦች ለጤነኛ ውሻ እንኳ አይመከሩም። ጉበቱ ታሞ ከቀዶ ሕክምና ለተነሣ ትንሽ ውሻ ደግሞ ከሕክምናው የተረፈችውን ነፍስ ሊያሳጡት ይችላሉ።

መልካሙ ነገር የሚያስፈልገው ምግብ በአብዛኛው ከአካባቢው ገበያ የሚገኝ መሆኑ ነው። ከዋጋው ይልቅ የሚያስቸግረው መጠኑን፣ ጊዜውንና ዓይነቱን ማወቅ ነው።

ጉበት ለምን ቅድሚያ ይሰጠዋል?

ከአንጀት የሚነሣ ደም ወደ ቀሪው አካል ከመድረሱ በፊት በጉበት ያልፋል። ጉበት ከምግብ የተገኘውን ስኳር ያከማቻል፤ ሐሞት ያመነጫል፤ ደም እንዲረጋና ቁስል እንዲጠግ የሚያደርጉ ፕሮቲኖችን ይሠራል፤ መርዛማ ነገሮችንም ያመክናል። በቀዶ ሕክምና ወቅት የተሰጠውን ማደንዘዣና ከዚያ በኋላ የሚሰጡትን መድኃኒቶች ከደም የማስወገዱ ሥራም በአመዛኙ የእርሱ ነው። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው የተደረገው በራሱ በጉበት ላይ ባይሆንም እንኳ ጉበቱ የደከመ ውሻ ከሌላው ዘግይቶ ይነቃል፤ ቁስሉም ዘግይቶ ይድናል።

የውሻን ጉበት የሚጎዱ ምክንያቶች ብዙ ናቸው። አንዳንድ ትንንሽ ዝርያዎች ከአንጀት የሚመጣውን ደም ጉበትን ዘልሎ እንዲያልፍ ከሚያደርግ የተሳሳተ የደም ሥር ጋር ይወለዳሉ፤ ይህን የደም ሥር መዝጋት ራሱን የቻለ ቀዶ ሕክምና ነው። የሐሞት ከረጢት መዘጋት፣ ዕጢ፣ በአይጥ ሽንት የሚተላለፈው የሌፕቶስፓይራ ተሕዋሲ፣ በመዥገር የሚተላለፉ በሽታዎች፣ ለሰው የተሠሩ የሕመም ማስታገሻዎችና የሻጋታ መርዝም ከምክንያቶቹ መካከል ይጠቀሳሉ።

ተስፋ የሚሰጠው ነገር ጉበት ራሱን የመተካት ችሎታ ያለው አካል መሆኑ ነው። ጤነኛ ከሆነ ጉበት ሁለት ሦስተኛው ቢወገድ እንኳ ቀሪው በሳምንታት ውስጥ ሊያድግ ይችላል። ለዚህ ግን መሥሪያው ምግብ ነው። የታመመን ውሻ “ሆዱ ይረፍ” በሚል ለቀናት ማስራብ ጉበቱ ሊጠገንበት የሚገባውን ፕሮቲን ከራሱ ጡንቻ እንዲያወጣ ያስገድደዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት

ውሻው ከማደንዘዣው ሙሉ በሙሉ ሳይነቃ ውኃም ሆነ ምግብ አይሰጠውም። ራሱን ቀና አድርጎ መያዝና መዋጥ ሳይችል የገባ ምግብ ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችላል። ራሱን ችሎ ሲቆም በመጀመሪያ ጥቂት ጉንጭ ውኃ ይቀርብለታል። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ካላስመለሰው ጥቂት ለስላሳ ምግብ ይከተላል። ሐኪሙ በአንጀት ወይም በጨጓራ ላይ ከሠራ ምግብ የሚጀመርበትን ሰዓት የሚወስነው እርሱ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለቀናት ሳይበላ የቆየ ውሻ ሙሉ ምግቡን በአንድ ጊዜ መቀበል አይችልም። በመጀመሪያው ቀን ከሚያስፈልገው አንድ ሦስተኛ፣ በሁለተኛው ቀን ሁለት ሦስተኛ፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሙሉውን መስጠት የተለመደ አካሄድ ነው። በየደረጃው ካስመለሰ ወይም ሆዱ ከተነፋ ወደ ቀደመው መጠን ይመለሳል፤ ሐኪሙም እንዲያውቅ ይደረጋል።

ምግቡ በቀን ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ተከፋፍሎ ሊሰጥ ይገባል። ጤነኛ ጉበት በሁለት ምግብ መካከል ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም እየለቀቀ ሰውነትን ያቆያል። የታመመ ጉበት ይህን በበቂ ሁኔታ አያደርግም፤ ትንሽ ውሻ ደግሞ ክምችቱም ትንሽ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሳይበላ ያደረ ትንሽ ውሻ ማለዳ ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲንገዳገድ ወይም ሲዝል ቢታይ የደሙ ስኳር ወርዶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት የመጨረሻው ምግብ ከመኝታ በፊት፣ የመጀመሪያውም ማለዳ ላይ ቢሰጥ ይመረጣል።

ምን ያህል? ከምን?

የመጀመሪያው ሥራ ውሻውን መመዘን ነው። ባለቤቱ ውሻውን ታቅፎ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ከዚያም ብቻውን ይመዘንና ልዩነቱን ይወስዳል። ዕረፍት ላይ ያለ 3 ኪሎ ግራም የሚመዝን ውሻ በቀን 160 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል፤ 5 ኪሎ የሚመዝነው 235፣ 8 ኪሎ የሚመዝነው 330፣ 10 ኪሎ የሚመዝነው ደግሞ 395 ያህል ያስፈልገዋል። ክብደቱ በእጥፍ ሲጨምር የምግቡ መጠን በእጥፍ እንደማይጨምር ልብ ይሏል። ትንሽ ውሻ በኪሎ ሲሰላ ከትልቁ የበለጠ ይበላል።

ይህን ወደ ማእድ ቤት ቋንቋ ለመመለስ የ5 ኪሎውን ውሻ እንውሰድ። በውኃ ብቻ በሚገባ የበሰለ 100 ግራም ሩዝ 130 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል። ቆዳውና ስቡ ተነሥቶ የተቀቀለ 50 ግራም የዶሮ ሥጋ 80 ያህል፣ ግማሽ የተቀቀለ እንቁላል ደግሞ 35 ያህል ይጨምራል። ድምሩ 245 ይሆናል፤ ይህም ለቀኑ ይበቃል። አጠቃላይ ምግቡ ከአንድ ሰው የሁለት እጅ እፍኝ ብዙም አይበልጥም። ለአምስት ቢከፋፈል እያንዳንዱ ድርሻ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ገደማ ነው። ይህ መጠን ለዓይን ትንሽ መስሎ መታየቱ ባለቤቱን ሊያሳስበው አይገባም።

ሩዝ በሌለበት ቤት ቅቤ፣ በርበሬና ጨው ያልገባበት ለስላሳ የማሽላ ወይም የበቆሎ ገንፎ ሊተካው ይችላል፤ እህሉ ግን ሻጋታ ያልነካው መሆን አለበት። ተቀቅሎ የተፈጨ ስኳር ድንች ወይም ዱባም ለአንጀት ይስማማል። ቅቤው የወጣለት አይብ ለመፈጨት ቀላል የሆነ ፕሮቲን ይዟል። ምግቡ ለብ ብሎ ሲቀርብ ሽታው ስለሚያይል ፍላጎት የሌለውን ውሻ ይስባል። ውሻው እምቢ ካለ ግን አፉን ፈልቅቆ ማጉረስ አደገኛ ነው።

አንድ ነገር ሊታወቅ ይገባል። ይህ በቤት የሚዘጋጅ ምግብ ለማገገሚያ ሳምንታት እንጂ ለዕድሜ ልክ አይሆንም፤ ካልሲየምና ልዩ ልዩ ቫይታሚኖች ይጎድሉታል። ሕክምናው ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በላይ ከቀጠለ ምን መጨመር እንዳለበት ሐኪሙ ሊያዝ ይገባል።

ሥጋ ይቀነስ ወይስ አይቀነስ?

በጉበት ሕመም ላይ በሰፊው የሚሰማው ምክር “ሥጋ አትስጡ” የሚል ነው። ይህ ምክር ለአንዳንዱ ውሻ ትክክል፣ ለብዙዎቹ ግን ጎጂ ነው።

ፕሮቲን በአንጀት ውስጥ ሲብላላ አሞኒያ የተባለ መርዛማ ነገር ይፈጠራል። ጤነኛ ጉበት አሞኒያውን ለውጦ በሽንት እንዲወገድ ያደርገዋል። ጉበቱ በጣም ሲደክም ወይም ደሙ ጉበትን ዘልሎ ሲያልፍ አሞኒያው ወደ አንጎል ይደርሳል። ውሻው ከምግብ በኋላ ይፈዝዛል፤ ዝም ብሎ ይዞራል፤ ራሱን ከግድግዳ ጋር ይገፋል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ አንዳንዴም ይንፈራገጣል። የሥጋ ፕሮቲን ሊቀነስለት የሚገባው ይህ ምልክት የታየበት ውሻ ነው።

ምልክቱ የሌለበት ውሻ ግን በተቃራኒው ጥሩ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ስፌቱ የሚጠግነው፣ ጉበቱም የሚተካው በፕሮቲን ነው። ያለ ምክንያት ከሥጋና ከእንቁላል የተከለከለ ውሻ ይከሳል፤ ቁስሉ ይከፈታል፤ ሆዱም ውኃ ሊቋጥር ይችላል።

ፕሮቲኑ መቀነስ ለሚኖርበት ውሻ ሥጋውን በአይብ፣ በእንቁላልና በጥራጥሬ መተካት ይቻላል። ከእነዚህ መካከል አኩሪ አተር ለክልሉ ቅርብ ነው፤ መተከል ዞን አኩሪ አተር በስፋት ከሚመረትባቸው የአገሪቱ አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ የፓዌ ግብርና ምርምር ማዕከልም በዚህ ሰብል ላይ ይሠራል። አኩሪ አተር ጥሬውን አይሰጥም፤ ታድሮ ከተዘፈዘፈ በኋላ እስኪፈርስ ድረስ መቀቀልና መላም አለበት። ለዚህ ዓይነቱ ውሻ የሆድ ድርቀትም አሞኒያውን ያባብሰዋል። ሐኪሞች ዓይነ ምድሩ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ለስለስ ብሎ እንዲወጣ የሚያደርግ ሽሮፕ የሚያዙት በዚህ ምክንያት ነው። ሽሮፑ ውሻውን ያስቀመጠው መስሏቸው የሚያቋርጡ ባለቤቶች ሕመሙን መልሰው ይጠሩታል።

ወደ ውሻው ሳህን መግባት የሌለባቸው

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በማንኛውም መልክ፣ ጥሬም ይሁኑ የበሰሉ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። በአንድ ኪሎ የውሻ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ለጉዳት በቂ ነው፤ ለ5 ኪሎ ውሻ ይህ አንድ ራስ ሽንኩርት ያህል ነው። የአገራችን ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት በመሆኑ፣ ወጥ የነካው እንጀራ ለሕመምተኛ ውሻ አይሆንም።

የጠላ አተላ ለከብት ቢሰጥም አልኮል ስለሚኖረው ለደከመ ጉበት ተጨማሪ ሸክም ነው። አረቄ በነጭ ሽንኩርት አድርጎ ማጠጣትም እንዲሁ። ዘቢብና ወይን ኩላሊትን፣ ቸኮሌትና ቡና ልብን ይጎዳሉ። የማንጎ ፍሬና የተሰባበረ አጥንት አንጀት ሊዘጉ ወይም ሊበሱ ስለሚችሉ ውሻውን ለሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይዳርጉታል። ንጥር ቅቤና ጮማ በተለይ የሐሞት ከረጢቱ ለተነካ ውሻ ከባድ ናቸው። ሆዱ ውኃ የቋጠረ ውሻ ደግሞ ከጨው ፈጽሞ መራቅ አለበት።

ከምግብ ባልተናነሰ ሁኔታ የሰው መድኃኒት ያሠጋል። ፓራሲታሞል የውሻን ጉበት ሊያጠፋ ይችላል፤ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ጨጓራን ያደማሉ። ውሻው አቃሰተ ተብሎ ከቤት መድኃኒት ሳጥን የሚሰጥ አንድ እንክብል፣ ለአምስት ኪሎ አካል ለሰው ከሚሰጠው መጠን ብዙ እጥፍ ይሆናል።

የተደበቀው መርዝ፦ የሻገተ ለውዝና በቆሎ

ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ለውዝ በስፋት ከሚመረትባቸው ክልሎች አንዱ ነው። ለውዝ፣ በቆሎና ማሽላ ሳይደርቁ ከተከማቹ ወይም ክረምቱ ላይ እርጥበት ካገኛቸው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ያበቅላሉ። መርዙ በዋናነት የሚያጠቃው ጉበትን ነው።

አፍላቶክሲን የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች በተበከለ የለውዝ ፋጉሎ ምክንያት ካለቁ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በጎረቤት ኬንያ የተበከለ በቆሎ ከተመገቡት መካከል 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2021 መጀመሪያ ባሉት ሳምንታት ደግሞ በአሜሪካ የተበከለ ደረቅ መኖ የበሉ ከ110 በላይ የቤት እንስሳት መሞታቸው ተመዝግቧል። ውሻ ለዚህ መርዝ በጣም ተጋላጭ ከሆኑት እንስሳት አንዱ ነው፤ የዕለት ምግቡ አንድ ዓይነት ስለሚሆን መርዙ በየቀኑ ይጠራቀምበታል።

መቀቀልና መቁላት ሻጋታውን ቢገድሉም መርዙን አያጠፉትም። በመሆኑም “ለሰው አይሆንም” ተብሎ የተለየ እህል “ለውሻ ይሁን” ሊባል አይገባም፤ ለዶሮና ለላምም እንዲሁ፤ የላሟ ወተትም መርዙን ይዞ ይወጣል። መፍትሔው ከምርት አሰባሰብ ይጀምራል፦ ሰብሉን መሬት ሳይነካ በሸራ ላይ በሚገባ ማድረቅ፣ የተሰበረውንና የጠቆረውን መልቀም፣ ከመሬት ከፍ ባለና አየር በሚያገኝ ጎተራ ማስቀመጥ።

“ጉበት ለጉበት” የተባለው ስሕተት

ጉበቱ ለታመመ ጉበት ማብላት ይጠቅማል የሚለው እምነት ሁለት አደጋ አለው። የመጀመሪያው የከብትና የበግ ጉበት መዳብ የተባለውን ማዕድን በብዛት መያዙ ነው። ጤነኛ ጉበት ትርፍ መዳብን በሐሞት በኩል ያስወግዳል፤ የታመመው ግን ስለሚያከማቸው መልሶ ይጎዳበታል። ስለዚህ በማገገሚያው ወቅት ጉበት የበሰለውም ቢሆን አይመከርም።

ሁለተኛው አደጋ ለቤተሰቡ ነው። በእርድ ወቅት በጉበትና በሳንባ ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ ከረጢት የኤኪኖኮከስ ትል እጭ ነው። ውሻ ይህን ጥሬውን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፤ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ውሻው ራሱ ሕመም ላይታይበት ይችላል። እንቁላሉ በእጅ፣ በውኃ ወይም ባልታጠበ አትክልት ወደ ሰው ከገባ ግን በጉበትና በሳንባ ውስጥ ለዓመታት የሚያድግ ከረጢት ይፈጥራል፤ ሕክምናው ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና ነው። በዚህም ምክንያት ከረጢት የታየበት የእርድ ተረፈ ምርት ውሻ በማያወጣው ጥልቀት መቀበር ወይም መቃጠል አለበት። ውሾች በሐኪም ትእዛዝ የሆድ ትል መድኃኒት በየጊዜው እንዲያገኙ፣ ከእነርሱ ጋር የሚጫወቱ ሕፃናትም እጃቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ ይመከራል።

የጉበት ሕመም ወይስ የእብድ ውሻ በሽታ?

አሞኒያ አንጎሉን የነካው ውሻና የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ውሻ በአንዳንድ ምልክቶች ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ሊንገዳገዱ፣ ለሃጫቸው ሊዝረበረብና ባለቤታቸውን ሊስቱ ይችላሉ። ሊድን የሚችል ውሻ በጥርጣሬ ሊገደል ይችላል፤ በሌላ በኩልም በሽታው ያለበትን ውሻ “ጉበቱን አሞት ነው” ብሎ ሲያጎርስ የተነከሰ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። በቤት ውስጥ ሁለቱን በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም።

ጠባዩ የተለወጠ ውሻ ሰው በማይደርስበት ዝግ ቦታ ሆኖ በሐኪም እስኪታይ ድረስ እጅ ወደ አፉ መግባት የለበትም። የተነከሰ ወይም ለሃጩ በቁስል ላይ የነካው ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል። ውሻው ክትባቱን በየዓመቱ ያገኘና ካርዱ የተያዘለት ከሆነ የሐኪሙ ሥራ ይቀልላል፤ የውሻውም የመትረፍ ዕድል ይሰፋል።

ወደ ሐኪም የሚያስሮጡ ምልክቶች

የዓይኑ ነጭና ድዱ ቢጫ ከሆነ፣ በተለምዶ የወፍ በሽታ የሚባለው ምልክት ታይቷል ማለት ነው። ሽንቱ እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ፣ ዓይነ ምድሩ እንደ ቅጥራን ከጠቆረ ወይም እንደ አመድ ከነጣ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ስፌቱ ከደማ ወይም ከመገለ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ አንድ ሙሉ ቀን ምንም ካልበላ መጠበቅ አያስፈልግም። ሌፕቶስፓይራ ወደ ሰው ስለሚተላለፍ፣ ቢጫ የሆነን ውሻ ሽንት የሚያጸዳ ሰው የፕላስቲክ ጓንት ማድረግ አለበት።

ከአሶሳ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ውስብስብ ቀዶ ሕክምና ፈልጎ ወደዚያ ወይም በቢሾፍቱ ወደሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ የሚሄድ ባለቤት ከመመለሱ በፊት ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ቢይዝ ይጠቀማል፦ የቀዶ ሕክምናውን ዓይነት፣ የመድኃኒቶቹን ስምና መጠን፣ ፕሮቲን መቀነስ እንዳለበትና እንደሌለበት የተሰጠውን ትእዛዝ። ወረቀቱን በአቅራቢያው ላለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳየት ክትትሉ እንዳይቋረጥ ያደርጋል።

በየቀኑ የበላውን መጠን፣ ያስመለሰበትን ሰዓትና የዓይነ ምድሩን ቀለም በደብተር መመዝገብ፣ በየሳምንቱም መመዘን ይጠቅማል። ክብደቱ ያልቀነሰ፣ ዓይኑ የጠራና ባለቤቱ ሲመጣ ጅራቱን የሚቆላ ውሻ በመዳን መንገድ ላይ ነው። ሐኪሙ በደም ምርመራ ጉበቱ ማገገሙን ሲያረጋግጥ ወደ መደበኛ ምግቡ ቀስ በቀስ ይመለሳል። የሻገተው እህልና ጥሬው ጉበት ግን ከዚያም በኋላ ወደ ሳህኑ ሊመለሱ አይገባም።